ባለሙያዎች ሳይተያዩ ሲስማሙ
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጥናቴን በነርስነት ትምህርት ላይ እየሠራሁ ነው። ዓላማዬ አዲስ ተመራቂ ነርስ ሥራ ሲጀምር ሊኖሩት የሚገቡ ክህሎቶችን መለየት ሲሆን፣ አማካሪዬ ባለሙያዎችን ሰብስቤ ከማወያየት ይልቅ ስማቸው ለሌሎቹ ሳይገለጽ መጠይቅ ደጋግሜ እየላክሁ ወደ መግባባት እንዳመጣቸው መክረውኛል። ሰዎቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ቢከራከሩ አይሻልም ወይ? የብዙኃኑን መልስ እያሳዩ እንደገና መጠየቅስ ሰውን ወደ ብዙኃኑ መግፋት አይሆንም? ለመሆኑ ስንት በመቶው ሲስማማ ነው «ተስማሙ» የሚባለው?

መልስ፦ አማካሪዎ የመከሩዎት ዴልፋይ የሚባለውን ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ራንድ ኮርፖሬሽን በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ኦላፍ ሄልመር፣ ኖርማን ዳልኪና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ሲሆን፣ መጀመሪያ የተሞከረበት ጉዳይ ከነርስነት እጅግ የራቀ ነበር፤ ጉዳዩን እንደ ሶቪየት ኅብረት የጦር ዕቅድ አውጪ ሆኖ ለሚመለከት ሰው የአሜሪካንን የጦር መሣሪያ ምርት በተወሰነ መጠን ለመቀነስ ስንት የአቶም ቦምብ ያስፈልጋል የሚል። ሰባት ባለሙያዎች እርስ በርስ ሳይገናኙ በተከታታይ አምስት መጠይቆች ተጠየቁ። ዳልኪና ሄልመር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ዘገባ መሠረት፣ መጀመሪያ ላይ ዝቅተኛው ግምት 50፣ ከፍተኛው 5,000 ነበር፤ በመጨረሻ ግን ግምቶቹ ከ167 እስከ 360 ባለው ክልል ውስጥ ገቡ። የመቶ እጥፍ ልዩነት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ትክክለኛው ቁጥር የትኛው እንደነበር ግን በተግባር ሳይፈተን ቀርቷል፤ ይህም ለሁሉም በጎ ሆነ። የግምቶቹ መቀራረብ ሰዎቹ መቀራረባቸውን እንጂ እውነቱን ማግኘታቸውን አያሳይም፤ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

የስብሰባው ጉዳይ ይቅደም። በስብሰባ ላይ ቀድሞ የተናገረ ሰው አቅጣጫ ያስይዛል፤ ባለሥልጣን ካለ ሌላው ቃሉን ይመጥናል፤ በአደባባይ አቋሙን የገለጸም ሰው ቢሳሳት እንኳ ቃሉን ማጠፍ ይከብደዋል። እርስዎ ከሚጋብዟቸው መካከል የነርሶች ኃላፊና በእርሳቸው ሥር የምትሠራ ነርስ ቢገኙ፣ የነርሷን እውነተኛ አስተያየት በአዳራሽ ውስጥ የሚሰሙት አይመስለንም። በጽሑፍና ያለ ስም ሲሆን ግን ትናንት የሰጡትን መልስ ዛሬ መለወጥ አያሳፍርም። በሌላ በኩል ስብሰባ አንድ የማይናቅ ጥቅም አለው፤ ጥያቄውን አጣሞ የተረዳ ሰው ወዲያው ይታረማል። ሁለቱንም ለማግኘት የፈለጉ ተመራማሪዎች በራንድና በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተዘጋጀውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ እያንዳንዱን ሐሳብ በየግላቸው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይሰጡታል፤ ከዚያ ተገናኝተው ይወያያሉ፤ በመጨረሻም እንደገና በየግላቸው ነጥብ ይሰጣሉ።

መግፋትን በተመለከተ ያነሡት ሥጋት በቂ ምክንያት ያለው ነው። እዚያው ራንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃሮልድ ሳክማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዘዴውን አጥብቆ ሲተች፣ በዚህ መንገድ የሚገኘው መግባባት የእውነተኛ መስማማት ውጤት ላይሆን ይችላል የሚል ነጥብ አንሥቶ ነበር። በእኛ አስተያየት መግፋትና ማሳመን የሚለያዩት በሁለተኛው ዙር ለተጠያቂው በሚላከው ወረቀት ላይ ነው።

ያንን ወረቀት ቀረብ ብለን እንየው። «ተመራቂው የመድኃኒት መጠን ያለ ረዳት አስልቶ ይሰጣል» ከሚለው ዐረፍተ ነገር አጠገብ ተጠያቂው ባለፈው ዙር ከ1 (ፈጽሞ አልስማማም) እስከ 9 (በጣም እስማማለሁ) ባለው መመዘኛ የሰጠው ነጥብ፣ እንበል 4፣ ይጻፋል። ቀጥሎ የሁሉም መልስ ሚዲያን፣ ማለትም ነጥቦቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ እንበል 8፣ ይታያል። ወረቀቱ እዚህ ላይ ካበቃ ተጠያቂው የሚነገረው ብቻውን መቅረቱን ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቡን ወደ 7 ቢያሳድግ ለምን እንዳሳደገ ማንም አያውቅም። ከሥሩ ግን ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠ ሰው ምክንያት ያለ ስም ቢሰፍር፣ ለምሳሌ «ለአዋቂ ታካሚ እስማማለሁ፤ ለሕፃን ሲሆን ግን ስሌቱን ሁለተኛ ሰው ሊያረጋግጠው ይገባል» የሚል ቢሆን፣ ጉድለቱ የዐረፍተ ነገሩ መሆኑ ይገለጣል። ያን ጊዜ እርስዎ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለት ይከፍሉታል። ነጥብ ብቻ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይህ ትክክለኛ ተቃውሞ በሚዲያኑ ተውጦ ይቀር ነበር።

በዚሁ ላይ ከተለመደው አሠራር የምንለይበት አንድ ነገር አለ። ብዙ ተመራማሪዎች ምክንያት እንዲጽፉ የሚጠይቁት መልሳቸው ከብዙኃኑ የራቀ ሰዎችን ብቻ ነው። ሥራ የበዛበት ባለሙያ ደግሞ አንቀጽ ከመጻፍ ቁጥሩን መለወጥ ይቀለዋልና፣ አሠራሩ መለየትን ያስቀጣል። ምክንያት የመጻፊያውን ቦታ ለሁሉም ክፍት ያድርጉት።

ስንት በመቶ ለሚለው ጥያቄዎ ሁሉም የተቀበለው ቁጥር የለም። ብዙ ጊዜ ከ70 እስከ 80 በመቶ ያለው ይወሰዳል። በሕክምና ምርምር ውስጥ ዘወትር ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ፣ ቢያንስ 70 በመቶው ተሳታፊ ከ7 እስከ 9፣ ከ15 በመቶ ያነሰው ደግሞ ከ1 እስከ 3 ነጥብ እንዲሰጥ ይጠይቃል፤ ብርቱ ተቃዋሚዎችንም ስለሚቆጥር እኛ ይህን እንመርጣለን። የትኛውንም ይምረጡ፣ መለኪያው የመጀመሪያው መጠይቅ ከመላኩ በፊት በጽሑፍ ይስፈር። መልሱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚቆረጥ መለኪያ ውጤቱን ተከትሎ የተቆረጠ ነው ቢባል መከላከያ የለዎትም።

ከመቶኛው ይልቅ ግን አካፋዩን፣ ማለትም መቶኛው የሚሰላበትን የመላሾች ጠቅላላ ቁጥር፣ ይጠብቁት። በመጀመሪያው ዙር ከ20 ሰዎች 14ቱ ቢስማሙ 70 በመቶ ነው። ካልተስማሙት ስድስት ሰዎች አራቱ ተሰላችተው ቢቀሩ፣ በሁለተኛው ዙር 14 ከ16፣ ማለትም 87.5 በመቶ ይሆናል፤ አንድም ሰው ግን ሐሳቡን አልለወጠም። ስለዚህ በየዙሩ ስንት ሰው እንደቀረና የቀሩት ቀድሞ ምን መልስ ሰጥተው እንደነበር በጥናትዎ ውስጥ ያስፍሩ። ይህን ማወቅ የሚችሉት እርስዎ የእያንዳንዱን ሰው መልስ ለይተው ከያዙ ነው። ስም የሚሰወረው ተሳታፊዎቹ እርስ በርሳቸው እንዳይተዋወቁ እንጂ ከተመራማሪው አይደለም፤ ይህም በስምምነት ቅጹ ላይ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ዘዴ ሦስት ዙር መሥራት ግዴታ ነው? ሦስቱን ዙር ጨርሼ ባለሙያዎቹ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ባይስማሙስ?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ዙር የተለመደው፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ሰው እየቀነሰ ስለሚሄድ ነው። መልሶቹ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው መለወጥ ካቆሙ፣ ሰዎቹ ባይስማሙም እንኳ ተጨማሪ ዙር የሚያመጣው ነገር ጥቂት ነው። ያልተስማሙበትን ነጥብ ከጥናቱ አያውጡት፤ በሁለቱም ወገን የተሰጡትን ምክንያቶች ጎን ለጎን አስፍረው እንደ ውጤት ያቅርቡት። በሆስፒታል የሚሠሩት አንድ ዓይነት፣ የሚያስተምሩት ሌላ ዓይነት መልስ ሰጥተው ከሆነ ደግሞ፣ የሁለቱን ወገን መልስ ቀላቅሎ አንድ ሚዲያን ማውጣት ዋናውን ግኝት መሸፈን ነውና ለየብቻ ያስሉት።