«መድኃኒት አቋረጠ» ብላችሁ አትለፉት

በአእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍል ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ከሆስፒታል ወጥቶ ወር ሳይሞላው የሚመለስ የስኪዞፍሬኒያ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ታካሚ በየተራችሁ ታያላችሁ። ካርዱ ላይ «መድኃኒት አቋርጦ» ተብሎ ይጻፋል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን ለምን አቋረጠ? እሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሃሎፔሪዶል የተባለውን የዚህ በሽታ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቁጭ ማለት ሲያቅተው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሩን ያወዛውዛል፣ ይነሳል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ መልሶ ይቀመጣል። «ውስጤ አላስቀምጥ አለኝ» ይላችኋል። በሽታው ባሰበት ብላችሁ መጠኑን ለመጨመር አትቸኩሉ። አካቲዝያ፣ ማለትም መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው መቀመጥ ማቃት፣ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑን መጨመርም ያባብሰዋል። እንዲህ የሚሰቃይ ሰው ክኒኑን ቢጥለው ምን ይገርማል? ሌላው ክብደት ጨምሮ ልብሱ አልገባ ብሎታል። ሌላው ስንፈተ ወሲብ አጋጥሞት አፍሮ ዝም ብሏል። ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

አሳሳቹ ነገር፣ መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው ብዙ ጊዜ ወዲያው አይነሳም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። እንዲያውም መጀመሪያ ቀለል ይለዋል፤ ድብታው ይለቀዋል፣ ምራቁም መዝረብረቡን ይተዋል። «ይኸው ተውኩት፣ ምን ሆንኩ?» ይላል። ቤተሰቡም ያምነዋል። ይህን ሳይወጣ በፊት ለእሱም ለአስታማሚውም በግልጽ ንገሯቸው።

«አላመመኝም» የሚላችሁም እልኸኛ ሆኖ አይደለም። መታመምን አለማወቅ ራሱ የበሽታው አካል ነው። ክርክሩን ተዉትና እሱን የሚያስጨንቀውን ያዙ፤ እንቅልፉን፣ ፍርሃቱን። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ እንዳለም ንገሩት። እንደ ቅጣት ግን አታቅርቡለት።

አልኮልና ካናቢስም ወደ ሆስፒታል ይመልሱታል፤ ሳትቆጡ ጠይቁ።

ቤትን በተመለከተ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ በአውሮፓውያኑ 1950ዎቹ የጀመሩት ጥናት ብዙ አስተምሮናል። ወቀሳና ቁጣ ወደበዛበት ቤት የተመለሰ ታካሚ በሽታው የሚያገረሽበት ዕድል ይበልጣል። ይህን ይዛችሁ ግን እናቱን እንዳትወቅሱ፣ አደራ። ሌሊቱን በር ስትጠብቅ ያደረችው እሷ ናት። ቁጣዋ ድካም ነው። ስለ በሽታው አስረድታችሁ እንዴት እንደምትይዘው ብታሳዩአት፣ ልጇ ቶሎ እንዳይመለስ ከማንም በላይ የምትረዳችሁ እሷ ናት።

ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ራስን የማጥፋት አደጋ የሚያይልባቸው ናቸው። ስለዚህ ቀጠሮው ከሳምንት አይራቅ። የአስታማሚውን ስልክ ሳይወጡ ተቀበሉ። በቀጠሮው ቀን ካልመጣ፣ በዚያው ዕለት ደውሉ።