እጅ የማይደርስበት ፊልትሮ

ባለፈው ሳምንት ማታ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ረዳት ሆኖ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። «ጋሼ፣ የዘይት ፊልትሮው ያለው ከሞተሩ ጀርባ፣ ግድግዳው ጋ ተጠግቶ ነው። እጄ አይገባም። ዘይቱን ብቻ ቀይሬ ፊልትሮውን ለሚቀጥለው ባሳድረውስ?» አለኝ።

«ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ ያዳፈንኩትን ነገር ስለቆሰቆሰብኝ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ለእሱ መጻፍ ጀመርኩ፤ እየጻፍኩ ሳለ ግን ሌሎቻችሁም ብታነቡት ይሻላል አልኩ።

ፊልትሮው ለምን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንደተቀመጠ አትጠይቁኝ። ብዙ የጀልባ ሞተር መጀመሪያ ለመኪና ወይም ለትራክተር የታሰበ ነው። መኪና ላይ ከሥር ተኝተህ፣ ከጎን ገብተህ ታገኘዋለህ። ጀልባ ውስጥ ሲገባ ግን ከሥሩም ከጎኑም ጣውላና ብረት ነው። ዘይቱን እንኳ ከታች ማፍሰሻውን ከፍቶ ማውጣት ስለማይመች በዘይት መለኪያው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ ይሳባል። እኔ ሥራውን የለመድኩት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። በዚያ ሙቀት ሞተር ክፍል መግባት እቶን ውስጥ መግባት ነበር፤ ጫማችን ውስጥ ላብ ይንቦጫረቅ ነበር። ግን ትልልቆቹ የመርከብ ሞተሮች ጥንድ ፊልትሮ አላቸው። ቫልቩን አዙረህ አንዱን ስታጸዳ ሌላው ይሠራል፣ ሞተሩም አይጠፋም። ሁሉም ነገር ዓይንህ ሥር ነው። ምጽዋ በ1982 ከእጅ ከወጣች በኋላ ዞሬ ዞሬ ጣና ስደርስ፣ የመርከብ ሞተር ያየ ሰው በትንሽ ጀልባ ሞተር የሚቸገር አልመሰለኝም ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1993 ዓ.ም.፣ የካቲት 15፣ የኪዳነ ምሕረት ዋዜማ ነው። በማግስቱ ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚሄድ ሕዝብ ስለነበር ጀልባዋ ማደር የለባትም። ጾም ገብቷል፣ ሆዳችን ባዶ ነው፣ የጀልባዋ ባለቤት ደግሞ እላያችን ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። የኔ ክንድ ያን ጊዜም ወፍራም ነበር፣ ከሞተሩ ጀርባ አይገባም። አብሮኝ የሚሠራ አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ደቅ ደሴት ተወልዶ፣ መቆም ሳይችል መቅዘፍ የቻለ ዓይነት። ጉንጩን ሞተሩ ላይ አስደግፎ ክንዱን እስከ ትከሻው ከተተ። ያረጀ ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ፊልትሮው ላይ ጠምጥሞ እየታገለ ፈታው። እኔ ከላይ ባትሪ ይዣለሁ፤ ባትሪው የሚያበራው ግን የልጁን ጀርባ ነበር።

አዲሱን ሊያስር ሲል ቆመ። «ጋሼ፣ መቀመጫው ላይ ለስላሳ ነገር አለ። የራሱ ነው ወይስ የአሮጌው?» አለኝ።

«የራሱ ነው፣ እሰረው» አልኩት።

አላየሁትም። አልነካሁትም። አሮጌው ፊልትሮ እግሬ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት አብሮት መውጣቱን ብመለከት የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ባለቤቱ «ጨረሳችሁ?» ሲል ሰማሁ፣ «ጨርሰናል» አልኩ።

ጠዋት ስንሄድ ምንም አልሆነም። ሐይቁ እንደ ሰሌዳ ተዘርግቶ፣ ሞተሩ በቀስታ እየሠራ ዘጌ ደረስን። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ግን እንደ ልማዱ ነፋስ ተነሣ። ነጂው ማዕበሉን ለመቁረጥ ሙሉ ነዳጅ ሰጠው። የዘይት ግፊት መብራቱ ከተቃጠለ ሰንብቷል። መጀመሪያ የሰማሁት መንኳኳት ነው፤ ክዳኑን ስከፍት ዘይቱ በሙሉ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ነበር። ሞተሩ ወዲያው ነከሰ፤ ያለ ዘይት ተጣብቆ ቆመ።

ነጭ የለበሰ ሕዝብ ታጭቆ ማዕበል ላይ ጎናችንን ሰጥተን ቀረን። አሮጊቶቹ እመቤቴን እየጠሩ ያለቅሳሉ። አንዲት እናት የልጇን እግር በነጠላዋ ከራሷ ወገብ ጋር አሰረችው። እስካሁን ያ ቋጠሮ ይታየኛል። ሌላ ጀልባ መጥቶ እስኪጎትተን ሁለት ሰዓት ያህል ተንገላታን። ማንም አልሞተም። ወደብ ስንወርድ ባለቤቱ ሰው ሁሉ እየሰማ «ማነው ያሰረው?» አለ።

«ልጁ ነው» አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም፣ ያሰረው እሱ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። የምጨምረው ነገር ያለ መስሎት ጠበቀ። ያን ዕለት ማታ ሂሳቡን ሰጥተው አሰናበቱት። ሞተሩን ስንፈታ ከአዲሱ ፊልትሮ ጋር ሁለት የጎማ ቀለበት ተደራርቦ አገኘሁ። አሮጌው ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ በላዩ ታስሮ፣ ግፊት ሲበዛበት ሸሽቶ ወጥቷል። አሮጌውን ቀለበት ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አላሳየሁም።

እንግዲህ ለጠየቅከኝ መልሱ ይኸው፤ አታሳድረው። ፊልትሮው ሲደፈን ውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ይዞራል፤ ሞተሩ ሳይጮህ እየተበላ ይሄዳል። ሞተር ማሞቅ፣ ዘይት መምረጥ የመሳሰለውን አልነግርህም፤ ይህን የማያውቅ ክዳኑን አይክፈት። ከመፍታትህ በፊት ግን ፊልትሮውን በፕላስቲክ ከረጢት አልብሰው፣ ዘይቱ እዚያው ይቅር። ሐይቁን የሚጠጣ ሰው አለ፣ እምቦጩም ይበቃዋል። ሲወጣ ቀለበቱን ፈልግ፤ ከሌለ ሞተሩ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ጓንትህን አውልቀህ መቀመጫውን በባዶ ጣትህ ዙር። ብረት ብቻ መንካት አለብህ። አዲሱን ጎማ ዘይት ቀባው፣ በእጅህ አስገባው፣ ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይበቃዋል፤ ፊልትሮው ላይ የተጻፈ ካለ እሱን ተከተል። ካቻቢቴ ወግተህ ለመፍታት አትሞክር፣ ቆርቆሮው ይቀደድና የባሰ ትቸገራለህ። (እኔ ሁለት ጊዜ ወግቻለሁ። አንዱ ሠርቷል።) ባለቤቱ ገንዘብ ካለው ፊልትሮውን በሁለት ቱቦ እጅ ወደሚደርስበት ቦታ ማውጣት ይቻላል፤ ገንዘብ የሚያወጣው ግን ሞተር ከነከሰ በኋላ ነው።

የዘንድሮ ልጆች ሥራውን ከመንካታችሁ በፊት ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ከዚያ ሁሉን ያወቃችሁ ይመስላችኋል። ያናድደኛል። እጅ ሳይቆሽሽ ሙያ የለም። ደግሞ እላለሁ፣ ያን ጊዜ ያ ስልካችሁ ቢኖረኝ ልጁ ከሞተሩ ጀርባ ሰዶ ፎቶ ያነሳው ነበር፣ ቀለበቱም ይታይ ነበር። ምናልባት እኔ አላይም እል ነበር። አላውቅም።

ልጁን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ጎርጎራ አገኘሁት። ጎልማሳ ሆኗል፣ ባጃጅ ይነዳል። ከባጃጁ ወርዶ «ጋሼ» ብሎ ጨበጠኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። ጠጣን። ስለ ነዳጅ ዋጋ አወራን። የሻዩን እሱ ከፈለ።

ነገ ፊልትሮውን ስትፈታ ደውልልኝ። ጣትህ የነካውን ንገረኝ፣ እስክትጨርስ አልዘጋም።