ቅጥቅጡ ቤት ይሆናል፤ ሥራውስ?

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቄ ኮምቦልቻ በአንድ የግል ድርጅት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ሞባይልና ሶላር ይጠግናል። ልጅ ገና አልወለድንም። አማቴ ሲያርፉ አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ትተውልናል። ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ መኪና ውስጥ እየኖሩ አገር ሲዞሩ በቪዲዮ አይተን ልባችን ሸፈተ። ወንበሩን አውጥተን አልጋና ማድቤት ልንሠራበት፣ ከቤት ኪራይ ልንገላገል፣ ወሎን እየዞርን ልንሠራ አስበናል። ቤተሰብ ‹አብዳችኋል ወይ?› ይለናል። ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ይቅርብኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አላበዳችሁም። መኪና ውስጥ መኖር ለኮምቦልቻ ሰው አዲስ ነገርም አይደለም። አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ቤቱ ጋቢናው ነበር። ከተሳቢው ሥር በላሜራ የተሠራች ሣጥን ነበረችው፤ በውስጧ የጋዝ ምድጃ፣ ብረት ድስት፣ በርበሬና ስኳር። መንገዱ በ1990 በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ ሲመላለስ ኖረ። አንድም ሰው «አብደሃል» አላለውም። ጭነት ነበረዋ!

የእናንተን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አልጋው አለ፣ ስለ ማድቤቱ አለ፣ ስለ ኪራዩ አለ። ስለ ጭነቱ ግን «እየዞርን ልንሠራ» ከሚለው በቀር የለም።

ቪዲዮው ላይ የምታዩአቸው አሜሪካውያን ጥንዶች ብዙዎቹ ወይ ጡረተኞች ናቸው፣ ወይ በላፕቶፕ ከየትም ሆነው የሚሠሩ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ወቅት የካምፕ ቦታ እየጠበቁና እያጸዱ፣ በምትኩ መኪናቸውን በነፃ የሚያቆሙ ናቸው። ቪዲዮው ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ እንጂ የጡረታ አበላቸው ሲገባ አይታይም። አገራቸውም የተዘጋጀ ነው። ውሃና መብራት የሚሰካበት፣ የመጸዳጃውን ታንከር የሚደፉበት ቦታ አለ። በምዕራቡ ክፍል ባለው ሰፊ የመንግሥት መሬት ላይ አንድ ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ መቆም ይቻላል። ቋሚ ቤት ስለሌላቸው አድራሻቸውን ሳውዝ ዳኮታ፣ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ አስመዝግበው ፖስታቸውን እዚያ የሚያስቀበሉ ብዙ ናቸው።

እኛ ዘንድ ይህ የለም። ሜዳ የሚመስለው ሁሉ የአንድ ሰው የግጦሽ መሬት ነው። ፈረንጁ ከሰው ርቆ ቆሞ ብቻውን ቡናውን ያፈላል። እናንተ ሐይቅ ዳር አሥር ደቂቃ ብትቆሙ ሃያ ሕፃን ይከባችኋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዲት እናት «ቡና ጠጡ» ብለው ይጠራሉ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ የብቸኝነት ዕረፍት ፈልጋችሁ ከሆነ ግን ወሎ አይሆናችሁም።

ወደ ሥራው እንምጣ። የባለቤትሽ ሙያ በራሱ ጎማ አለው። ካውያው፣ መፍቻው፣ ቮልቴጅ መለኪያው አንድ ሣጥን ይበቃቸዋል። ሶላር የገዛ የገጠር ሰው ደግሞ ሲበላሽበት ተሸክሞት ከተማ ድረስ መምጣት ይከብደዋል። ወደ ገበያው የሚሄድለት ጠጋኝ ካገኘ ደስ ይለዋል።

ግን አንድ ነገር አለ። ሰውየው ሞባይሉን ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሰጥቷችሁ ሄደ እንበል። መለዋወጫው ጠፍቶ ሳይጠገን ዋለ። እናንተ «ዛሬ ልባችን ወደ ላሊበላ ብሎናል» ብላችሁ ሞተር አስነሳችሁ። በሚቀጥለው ሰኞ ሰውየው መጥቶ ቅጥቅጡን ሲያጣ ሌባ ናችሁ። ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ኮምቦልቻ ይደርሳል።

ስለዚህ የእናንተ ኑሮ እንደ ቪዲዮው ወደፈለጉት የሚሄዱበት አይሆንም። ክብ ነው የሚሆነው። ሰኞ ባቲ ከሆነ፣ ሰኞ ሁሉ ባቲ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው፤ ግመሉም በሬውም ይሸጣል። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ሐይቅ ብላችሁ ተመልሳችሁ እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ማደር ትችላላችሁ። ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ነው፤ ደሴ 25፣ ከዚያ ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየከተማው የገበያውን ቀን ራሳችሁ ጠይቁና መንገዱን በዚያ ስፉት። ላሊበላን ለታኅሣሥ 29፣ ግሸንን ለመስከረም 21 ተዉት። እሱ ጉዞ ነው፤ ይሄኛው ሥራ ነው።

አንቺን በተመለከተ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ነው። ሒሳብ ሠራተኛ ወንበር ይፈልጋል ይባላል። እኔ እስከማየው ግን ትንንሽ ነጋዴዎች የሚፈልጉት ወንበር ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ሰው ነው። አብዛኛው ባለሱቅ ደረሰኙን በፌስታል አጭቆ ሐምሌን ይጠብቃል። ሐምሌ ሲመጣ ፌስታሉን ገልብጦ ላብ ያጠምቀዋል። በየሳምንቱ እየመጣሽ መዝገቡን የምታስተካክይለት አምስት ስድስት ደንበኛ በየከተማው ብታገኚ ተዘዋዋሪ ቢሮ አለሽ ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ፦ መዝገብ መያዝ ሌላ ነው፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ መርምሮ የሚፈርመው ሒሳብ ሌላ ነው። የማይመለከትሽ ወረቀት ላይ ስምሽን አታኑሪ። ንግድ ፈቃዱንም በቋሚ አድራሻ አውጡት። የቀበሌ መታወቂያችሁንም እንዳትለቁ። የእናትሽ ቤት አድራሻ ይሁናችሁ።

ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው። የግብር ሩጫውና ክረምቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ለእናንተ ዕድል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቅጥቅጡን ግቢ አቁሙ፤ አንቺ ከተማ ውስጥ ተቀምጠሽ የዓመቱን ሒሳብ ዝጊ፤ እሱ ቦዲውን ይበይድ። መስከረም ላይ ትነሣላችሁ።

አሁን ስለ ኑሮው ትንሽ ላውራ፤ ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ኑሮው ነውና።

ውሃ። ሁለት ሰው ቆጥቦም ቢሆን ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይጨርሳል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትጭኑ ሳምንት ላይሞላ ይችላል፤ ክብደቱ ደግሞ 200 ኪሎ ነው። ወደ ኋላ ጥግ ከጫናችሁት ዳገት ላይ መኪናው ያስታውሳችኋል።

እንጀራ። ሶላሩን ባለቤትሽ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ግን ሒሳቡን አንቺ ሥሪው። 300 ዋት ፓነል አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ በወረቀት 1,500 ዋት ሰዓት ነው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 1,100 ገደማ ይተርፋል። ላፕቶፕ፣ መብራት፣ ካውያ፣ የደንበኛ ሞባይል ቻርጅ ማድረግ ይችላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ይበላል። አንድ ሰዓት ብትጋግሪ የሦስት ቀን ፀሐይ አለቀ። እንጀራ ግዙ። በየከተማው አንዲት ጋጋሪ ደንበኛ ያዙ፤ እሷም መረጃ ትሆናችኋለች።

ብርድ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባቲ 1,500 አካባቢ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጋቢም ማራገቢያም ትፈልጋላችሁ። ከጣሪያው ላሜራ ሥር ስፖንጅ አልብሱና በኮርኒስ ሸፍኑት፤ ለሙቀቱም ለብርዱም ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ደሴ ሲበርዳችሁ የከሰል ምድጃ ይዛችሁ መኪና ውስጥ እንዳትገቡ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ማንቃትም የለውም፤ እንቅልፍ መስሎ ነው የሚወስደው።

መጸዳጃና መታጠቢያ ላይ አልፈላሰፍም። በተለይ ለአንቺ ከባድ ነው። በየከተማው ጥበቃና ግቢ ካለው አንድ አነስተኛ ሆቴል ጋር ተነጋገሩ፤ ለማደሪያ ቦታ፣ ለሻወርና ለመጸዳጃ በወር ክፈሉ። «ከኪራይ እንገላገላለን» ያላችሁት እዚህ ላይ ትንሽ ይቀንሳል። ናፍታው፣ ጎማው፣ ጎሚስታው ደግሞ የቀረውን ይበላል። አሮጌ መኪና አከራይ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ባልጠበቃችሁት ቀን ነው የሚያንኳኳው።

ኩርፊያም አለ። ባልና ሚስት ስትጣሉ አንዱ ሳሎን ይቀራል፤ ቅጥቅጥ ውስጥ ሳሎን የለም። ሳቄን ያዙልኝና፣ በሳምንት አንድ ማታ አንቺ እናትሽ ዘንድ እደሪ።

እንደገና ወደ ሙያሽ ልመለስ፤ የጠየቅሽኝ እሱን ነው። አሁን ካለሽበት ድርጅት ከደመወዝሽ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ስትለቂ ያ 11 ይቆማል። በዕድሜ የሚገኘው የጡረታ አበል ቢያንስ 10 ዓመት ላገለገለ ነው፤ አንቺ አራት ላይ ነሽ። ይህ እንድትፈሪ አይደለም፤ የቅጥቅጡን ገቢ ከደመወዝሽ ጋር ስታወዳድሪ በእጅሽ ከሚገባው ጋር ብቻ እንዳታወዳድሪው ነው። ሁለት ዓመት ዞረሽ መመለስ ብትፈልጊ ደግሞ ቀጣሪ «በነዚያ ዓመታት ምን ሠራሽ?» ይልሻል። «ዞርኩ» ካልሽው ፈገግ ብሎ ይሸኝሻል። «የሃያ ነጋዴ መዝገብ ይዤ ነበር፤ ይኸው ደብዳቤያቸው» ካልሽው ይቀመጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደንበኛ ጀምሮ የጽሑፍ ውል ይኑርሽ።

ሥራሽን አሁን አትልቀቂ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አለሽ። እሱን ባንድ ላይ ጠይቂ። ቅዳሜና እሑዱ ሲጨመርበት ሦስት ሳምንት ያህል ይሆናል፤ ሦስት ሰኞ ባቲ ማለት ነው። የቤቱን ኪራይ እየከፈላችሁ፣ ወንበሩን ሁሉ ሳታወጡ፣ የኋላውን ብቻ ፈታታችሁ ፍራሽ ዘርግታችሁ ሞክሩት። መቁረጥና መበየድ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሊብሬው ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ተብሎ የተመዘገበ መኪና ውስጡን ለውጣችሁት ለቦሎ ብትቀርቡ ጣጣ ነው። የሦስተኛ ወገን መድኑንም አብራችሁ እዩ። ውርሱ በስማችሁ ካልዞረ እሱ ይቅደም።

መንጃ ፈቃድ አለኝ አላልሽም። ከሌለሽ አውጪ። እሱ ባቲ ላይ ትኩሳት ቢይዘው ማን ሊነዳ ነው? የአውቶ መንጃ ፈቃድ ለቅጥቅጥ አይበቃም፤ ስትመዘገቢ መኪናውን ንገሪያቸው።

መንገዱን በተመለከተ እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ሁሉ በማግሥቱ የፈለገው ወረቀቱን ነበር። ዲፕሎማሽን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ ሊብሬውን ቅጂ አድርጋችሁ ቤተሰብ ዘንድ አስቀምጡ። ጠዋት ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ገብታችሁ ሾፌሮቹን «መንገዱ ሰላም ነው?» በሉ። ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሲመሽ አትንዱ።

ከሦስተኛው ሰኞ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩን ክፈቺ። ሁለት ቁጥር ብቻ እይ። ናፍታ፣ ማደሪያና ምግብ ሲቀነስ በእጃችሁ የቀረው ስንት ነው? በመጀመሪያው ሰኞ ሞባይል ከሰጧችሁ ሰዎች ስንቱ በሁለተኛው ሰኞ ሌላ ሰው ይዞ መጣ? ሁለተኛው ቁጥር ካደገ፣ የመጀመሪያው ትንሽ ቢሆንም ጻፊልኝ፤ የመልቀቂያውን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርብሻል፤ የሥራ ልምድና ክሊራንስም ሳትቀበይ አትውጪ። ሁለቱም ካላደጉ ግን ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ፤ ቅጥቅጡም ወደ መስመሩ።

ፍሬኑን ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት አሳዩት።