የታገደ ሽንት ሲለቀቅ

ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ሽንት መታገድ ለጠየቃችሁኝ መልሱን እነሆ።

ከዘጌ፦ ሲስተር፣ አባቴ በፕሮስቴት ሽንታቸው ታግዶ በጀልባ አምጥተናቸው ቱቦ ገባላቸው። አሁን ደግሞ ሽንቱ አላቆም አለ። ጤና ነው?

እግዜር ይማርልሽ። ብዙ ጊዜ ጤና ነው። ታግዶ ሳለ የተጠራቀመውን ውሃ፣ ጨውና ዩሪያ (በሽንት የሚወጣ የሰውነት ቆሻሻ) ኩላሊት እያስወጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይረግባል። አንዳንዴ ግን ኩላሊቱ ራሱ ተጎድቶ ውሃና ጨው መቆጠብ ያቅተዋል። ያኔ ሰውነት ይደርቃል፣ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚባሉት የደም ጨዎች ይዛባሉ፣ የደም ግፊት ይወርዳል። እኛ የምንፈራው ይህን ነው። በየሰዓቱ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ለ2 ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም በ24 ሰዓት ከ3 ሊትር ካለፈ ቶሎ ንገሪን። ብዙው የሽንት ከረጢት 2 ሊትር ይይዛል። አንዱን ሙሉ ደፍተሽ ሁለተኛው ከግማሽ ካለፈ፣ 3 ሊትር አለፈ ማለት ነው። ሳትጽፊ አትድፊ! አንዲት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ለአባቷ ስትደፋ አድራ፣ ጠዋት ስንት እንደወጣ የሚያውቅ ጠፋ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ አልነገርናትም።

ከቀበሌ 14፦ የወጣውን ያህል ግሉኮስ ለምን አይሰጡትም?

የወጣውን ሁሉ በደም ሥር ከተካን ኩላሊት ያንኑ መልሶ ያወጣዋል፤ ሽንቱም ማብቂያ ያጣል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚተካው ግማሽ ያህሉ ነው። ነቅቶ መዋጥ የሚችል ሰው ደግሞ ሲጠማው ይጠጣ።

ከወረታ፦ ሽንቱ እንዲቀንስ ውሃ ብንከለክለውስ?

እባካችሁ አትከልክሉ። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ጭራሽ!

ስሜ ይቆይ፦ ሙዝ ላብላው?

ሙዝ ፖታሲየም ስላለው ደሙ ሳይታይ አይሆንም። ሽንት ሲታገድ ፖታሲየም ከፍ ሊል ይችላል፤ ሽንቱ በብዛት ሲወጣ ደግሞ ይወርዳል። ሁለቱም ልብን ይጎዳሉ። ዛሬ የቱ ላይ እንዳለ የሚነግረን ላብራቶሪ ነው። ውጤቱን ጠይቂ፣ መብትሽ ነው።

ከጣና ማዶ፦ ሽንቱ ቀላ አለ፤ ደግሞ ነገ ወደ ቤት ብንሄድ ብለን ነበር።

ትንሽ መቅላት ያጋጥማል። የረጋ ደም ከመጣ ወይም ሽንቱ በቱቦው መውረድ ካቆመ ግን ጥሩን። ከሆስፒታል ስለ መውጣቱ፣ የሽንቱ ብዛት ሳይረግብ አትቸኩሉ። ሲነሱ ማዞር፣ ግራ መጋባት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከመጣ መመለስ የግድ ነው፤ በመካከላችን ያለው ደግሞ ሐይቅ ነው።