«አንድ ጭነት» ስንት ነው? ባሕር ዛፍ ለሸጡ እናት ልጅ የተሰጠ የሕግ ምክር

ጥያቄው የመጣው ከኩታበር ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «እናቴ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ባሕር ዛፍ ለነጋዴ በጭነት ሸጠች። ስምምነቱ በቃል ነው፣ ሁለት ጎረቤቶች ሰምተዋል። ‹በአይሱዙ፣ ለአንድ ጭነት ይህን ያህል› ተባለ። ሁለቱን ጭነት በኤንፒአር (በትንሹ አይሱዙ)፣ እስከ ስፖንዳው (የመኪናው የጎን ግድግዳ) አፍ ሞልቶ ወሰደና ከፈለ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን በኤፍኤስአር (በትልቁ አይሱዙ) መጣ፣ ዳርና ዳር አጣና አቁሞ ከስፖንዳው በላይ ቆልሎ ሄደ። ‹ያው አይሱዙ ነው፣ ያው ጭነት ነው› ይላል። የእነዚህን ገንዘብ ገና አልሰጠንም።»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳርፍህ። «ወረቀት የላችሁምና መብት የላችሁም» የሚልህን አትስማ። ተቆርጦ ሊወሰድ የተሸጠ ዛፍ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንደ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው የሚታየው፤ መሬት ወይም ቤት እንደ መሸጥ አይደለም። በቃል መሸጥ ይቻላል፣ በምስክርም ይረጋገጣል።

ዋናው ጥያቄ «ጭነት» የሚለው ቃል ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ሕጉ (የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1734) የውሉ ቃል ግልጽ ካልሆነ ተዋዋዮቹ በጋራ ያሰቡት ይፈለጋል ይላል፤ ለዚህም ከውሉ በፊትና በኋላ ያደረጉት ይታያል። የእናንተ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ነጋዴው ራሱ ሁለት ጊዜ በኤንፒአር እስከ ስፖንዳው ጭኖ፣ ለዚያ ልክ ከፍሏል። በገዛ ሥራው ጭነት ምን እንደሆነ አሳይቷል ማለት ነው። በዚያው ዋጋ ትልቅ መኪና አምጥቶ መቆለል ስምምነቱን ብቻውን መቀየር ነው።

በማታለል ነው ብሎ ውሉን ማስፈረስም አለ (ቁጥር 1704)፣ ክሱም በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኔ ግን አልመክርህም። እንጨቱ ሄዷል፤ ውል ፈርሶ ዛፉ ተመልሶ አይተከልም። የሚሻለው ከልክ በላይ የተጫነውን የትርፉን እንጨት ዋጋ መጠየቅ ነው። ትርፉ ስንት ነው ስትባል ደግሞ ቁጥር ያስፈልግሃል።

ክምር ሙሉ በሙሉ እንጨት እንዳልሆነ እወቅ። በግንዶቹ መሃል አየር አለ። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 2፣ ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ጭነት 16 ሜትር ኩብ ይባላል፤ እንጨቱ ብቻ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ከ100 እጅ 60 እስከ 70 ያህሉ ነው፣ ጠማማ ከበዛበት ያንሳል። ስለዚህ ክምርን ከክምር፣ ግንድን ከግንድ ጋር አወዳድር እንጂ አትቀላቅል። ግንድ በግንድ ከለካህ፣ የግንዱን መካከል በሜትር ዙር፣ ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ12.57 አካፍል። ዙሪያው 60 ሳንቲም (0.60 ሜትር)፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ 0.115 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል። ያንኑ ግንድ በቀጭኑ ጫፍ፣ ዙሪያው 45 ሳንቲም (0.45 ሜትር) በሆነበት ብትለካው 0.064 ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም! ነጋዴው «እንለካ» ካለ ሜትሩን የት እንደሚያሳርፍ አይንህን አትንቀል።

አሁን ግንዱ የለም፣ ጉቶው ግን አለ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያቆጠቁጣልና ሳይሸፍነው ሁለቱን ጎረቤቶች ይዘህ ሂድ፣ ቁጠሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ጉቶ ከግንዱ መካከል ስለሚወፍር በሱ ሜትር ኩብ አታስላ፤ ቁጥሩ ግን ይጠቅማል። በየትኛው ቀን የትኛው ጥግ እንደተቆረጠ የሚያስታውስ ካለ፣ በኤንፒአሩ ስንት፣ በኤፍኤስአሩ ስንት ግንድ እንደሄደ ይለያል። የማጓጓዣ የይለፍ ወረቀት ወጥቶ ከሆነም ቅጂውን ጠይቅ፤ የመኪናው ሰሌዳና የጭነቱ መጠን ሊገኝበት ይችላል።

ከዚያ ሽማግሌ ላኩበት። እምቢ ካለ የወረዳ ፍርድ ቤት አለ፤ ያልተከፈሉትን የሁለቱን ጭነት ዋጋና የትርፉን አንድ ላይ ጠይቁ።

ለቀሪው ዛፍ የመኪናውን ዓይነትና «እስከ ስፖንዳ» የሚለውን ቃል ጻፉ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም፣ በቃ።

እና እባክህ፣ ነጋዴው ከፊል ገንዘብ ይዞ መጥቶ «ሒሳቤን ጨርሼ ተቀብያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብ እናትህ ጣታቸውን እንዳያሳርፉበት። የሚሰጠውን ይቀበሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን የተቀበሉት ብር ልክና «ቀሪ ሒሳብ አለኝ» የሚል ይጻፍ።