ጦሙን ያደረ መሬት

የአፈር ሙያ ውስጥ በቅርቡ ለገባችሁ ልጆቼ፤

ልጅሽ ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ እናቶቻችሁ “አፈር ነው የሚመረምረው” ማለት እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። የእኔም እናት “መንግሥት ቤት ነው” ብላ ታልፈው ነበር። አልፈርድባትም። የጠላነውን “አፈር ብላ” እንላለን፤ ያሸነፍነውን አፈር ድሜ አስጋጥነው ብለን እንፎክራለን፤ የሚያበላንን ገበሬ “አፈር ገፊ” ብለን ሰድበነዋል። ግን ይህችው እናቴ ከመስክ ደክሞኝ ስገባ ጉርሻውን ጠቅልላ ይዛ የምትለምነኝ “አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ” እያለች ነበር።

አንዱ ቃል ስድብም ልመናም የሆነው ለምንድን ነው? ዳዊት ስደግም ስላደግሁ መልሱን ከዚያ የወሰድኩ ይመስለኛል። በግእዙ ቁጥር 102ኛው መዝሙር “ተዘከር እግዚኦ ከመ መሬት ንሕነ” ይላል፤ አቤቱ፣ እኛ አፈር እንደ ሆንን አስብ። ከሱ በፊት ያለው ቁጥር አባት ለልጆቹ እንደሚራራ ነው የሚያወራው። ስለዚህ “አፈር ነን” እዚያ ቦታ ላይ ማዋረጃ አይደለም፤ አትጨክንብን ማለት ነው። የእናቴም “አፈር ስሆን” እንደዚሁ ነው። (ግእዙ መሬት ያለውን አማርኛው አፈር እንደሚለው ልብ በሉ። መሬት የሚለውን ቃል እኛ ለካርታና ለሊዝ ሰጥተነዋል፤ የጥንት ትርጉሙ የቀረልን ግብዓተ መሬት ስንል ነው።)

የአዳም ስምም እንዲሁ ነው። በዕብራይስጡ አዳም ከ“አዳማ” ጋር ይያያዛል፣ አፈር ማለት ነው። የኦሮምኛ ስም ካላት ከተማችን ጋር እንዳታምታቱት። የእኛ ሊቃውንት ግን በግእዙ “አደመ” ተመርተው አዳም ማለት ያማረ ማለት ነው ብለው ይተረጉማሉ። አፈርና ያማረ በአንድ ስም ተገናኙ። ሥጋ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው የሚለውን ትምህርት ሰንበት ትምህርት ቤት ሰምታችሁታል፤ አልደግመውም።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያሳፍረኛል። ኢሳይያስ 64 ላይ እኛ ጭቃ ነን፣ አንተም ሠሪያችን ነህ እያልን እንጸልያለን፤ ጭቃ የምታቦካዋን ሴት ግን “ቡዳ” ብለን አራቅናት። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይህን በደንብ ቀምሰውታል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሰሜን ሸዋ ከአንድ አዛውንት ማሳ ናሙና ልወስድ ሄድኩ። ቅጹ ላይ “የመሬቱ ታሪክ” የሚል ዓምድ ነበረው። ጠየቅኳቸው። ጎንበስ ብለው አንድ ጓል አነሡና እንደ ደረቅ ቂጣ በእጃቸው ሰበሩት። “ይኼ ደክሞታል ልጄ። አባቴ ከሞቱ ወዲህ ጦሙን አድሮ አያውቅም። ለሰውም ለበሬውም ሰንበት አለው፤ ለሱ ማን ሰንበት ሰጠው?” አሉኝ።

እኔ ዓመተ ምህረትና የሰብል ዓይነት ነበር የምፈልገው። “መረጃ የለም” ብዬ ጻፍኩ። ለአብሮኝ ለሚሠራው ሾፌር “መሬት ይደክመዋል እንዴ?” ብዬ ስስቅ እሱ አልሳቀም።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ የበሰበሰ ዕፅዋት ቅሪቱ ተሟጧል፤ ሰብሉ የሚያገኘው ፎስፈረስም ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሽማግሌው የነገሩኝን በአኃዝ ደገመልኝ ማለት ነው። ዘሌዋውያን 25 ምድሪቱ በሰባተኛው ዓመት ሰንበት ታድርግ እንደሚል ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እሳቸው አንብበውት ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም።

ከተማ ውስጥ ጦሙን ያደረ መሬት ስንል ሥራ ፈት፣ የባከነ ማለታችን ነው። እሳቸው ግን መሬቱ የተነፈገው ዕረፍት አድርገው ነው የተናገሩት። ጆሯችሁን ከሰጣችሁ ገበሬው መሬት ከሳ፣ ሰባ፣ ጠማው፣ ጠገበ ሲል ትሰማላችሁ። እኛ ሥጋችንን አፈር እንለዋለን፣ እሱ አፈሩን ሥጋ አድርጎ ያስታምመዋል።

ዝምድናው በቃል ብቻም አይደለም። በአንድ አዋቂ ሰው አካል ውስጥ 700 ግራም ያህል ፎስፈረስ አለ፣ አብዛኛው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ከጤፉና ከሽምብራው መጣ፣ እነሱም ከማሳው ወሰዱት። ዝናብ አዮዲኑን አጥቦ በወሰደበት ደጋ የአፈሩ ጉድለት በሴቶቹ አንገት ላይ እንቅርት ሆኖ ይታይ ነበር። ይህን ስል መጽሐፉ ኬሚስትሪ ያስተምራል እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉ ሰባኪዎችን አልወድም።

ስለዚህ ቅጻችሁ ላይ ቦታ ባይኖር እንኳ በጀርባው ገበሬው ያለውን በራሱ ቃል ጻፉ። “ደክሞታል” ካለ “ደክሞታል” በሉ። ስንት ዓመት እንደደከመው ከዚያ በኋላ ትጠይቁታላችሁ።

ያ ሾፌር በመስክ ሃያ ዓመት አብሮኝ ኖረ። እርጥብ አፈር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ማውጣትን ከኔ ተምሮ በለጠኝ፤ ሳይቆረጥ ከ5 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ሸክላው የበዛ ነው። ባለፈው ክረምት አረፈ። ሙስሊም ነበርና ያለ ሣጥን አስተኙት፤ እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት እፍኝ አፈር ስንጨምር “ከእርሷ ፈጠርናችሁ፣ በእርሷም ውስጥ እንመልሳችኋለን” የሚለው የቁርኣን ቃል ይነበብ ነበር። ሦስተኛውን እፍኝ ይዤ ቆየሁ መሰለኝ፤ ጣቶቼ ሳላዛቸው አፈሩን መግፋት ጀምረው ኖሯል። ልጁ አጠገቤ ቆሟል።

“ስንት ወጣ ጋሼ?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“ስድስት” አልኩት።