አሥር ገጽ ይዛ ማተሚያ ቤት የሄደችው ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ የቢቸናዋ ልጅ።

ደብዳቤሽ ረጅም ነው። ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። ባሕር ዳር ጋዜጠኝነት ትማሪያለሽ፤ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ለአንድ ኮርስ የሙዚቃ መጽሔት ሠርታችሁ አምጡ ተባላችሁ። አንቺ ስለ አዝማሪ ሠራሽ። ሽፋኑን፣ ማውጫውን፣ ቃለ መጠይቁን፣ ፎቶውን፣ ሁሉንም ብቻሽን። አንድ ሴሚስተር ሙሉ እንቅልፍ አጣሽበት። ለእረፍት ቤት ስትገቢ ለአባትሽ አሳየሻቸው። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «ታዲያ ይኼ ምን ይሆናል?» አሉሽ። አጎትሽ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውለው «ጎን ለጎን አካውንቲንግ ተማሪ፤ ባንክ የማስገባሽ እኔ ነኝ» ብለውሻል። ግራ ቢገባሽ ለእኔ ጻፍሽ፦ «ጋሼ፣ እውነት ከዚህ መጽሔት የተማርሁት ነገር አለ? ወይስ ስጫወት ነው የከረምሁት?»

ሌሎች ጥያቄዎችም አሉሽ። እነሱን በአንድ በአንድ መስመር እጨርሳቸዋለሁ። ይህቺ ግን ነካችኝ። ለምን እንደነካችኝ ኋላ ትደርሽበታለሽ።

ከደብዳቤው ጋር የላክሽውን ሲቪ አየሁት። ያ ሁሉ ሌሊት የፈጀ መጽሔት ያገኘው አንዲት መስመር ነው፦ «ፎቶሾፕና ኢንዲዛይን እችላለሁ።» ሰርዢው። ባሕር ዳር ላይ ፎቶሾፕ አልችልም የሚል ወጣት እስቲ ፈልገሽ አምጪ። ጉርድ ፎቶ የሚያነሳው ልጅም ይችላል፤ እንዲያውም ካንቺ ሳይሻል አይቀርም። አንቺ የያዝሽው ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ የጻፍሽው ግን እንደ እሮሮ ነው።

አሥር ገጽ ሠርተሽ በፍላሽ ይዘሽ ማተሚያ ቤት ሄድሽ። ልጁ ከፈተና «10 አይሆንም፤ ወይ 8 ወይ 12 አድርገሽ ነይ» አለሽ። «አሾፈብኝ» ብለሽ ጽፈሻል። አላሾፈም። አንድ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል። መሀሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ደግሞ እንዲህ ከታጠፉ ወረቀቶች ነው የሚሠራ። ስለዚህ የገጹ ብዛት በአራት መካፈል አለበት። 10 አይካፈልም። አንቺም ተመልሰሽ 8 አደረግሽው። ሁለት ገጽ ለመጣል አንድ ሌሊት ፈጀብሽ። እወደዋለሁ ያልሽውን የራስሽን ግጥም ጣልሽ፤ የአዝማሪውን ቃል አስቀረሽ።

እዚህ ላይ ቆም በይ። የገዛ ግጥሙን ጥሎ የሌላውን ሰው ቃል የሚያስቀር ተማሪ ስንት አይተሻል? እኔ ብዙ አላየሁም።

ሁለተኛ ቀን ሄድሽ። ርእሱ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ተከፈተ። የተጠቀምሽበት ፎንት እነሱ ማሽን ላይ የለም፤ አንቺም ፎንቱን ፒዲኤፉ ውስጥ አላካተትሽውም። ሦስተኛ ቀን ሄድሽ። ሽፋኑ ላይ እንደ ጣና የሚያበራው ሰማያዊ ደብዝዞ፣ ወደ ሐምራዊ ሄዶ ወጣ። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ማተሚያ ግን ሰማያዊ፣ ሮዝ መሰል ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ወረቀት ላይ እያነጠበ ነው። ስክሪን ላይ ያለው ድምቀት ሁሉ ወረቀት ላይ አይገኝም። ሦስት ጊዜ ተመላለስሽ፤ ባጃጁ ብቻ ስንት እንደፈጀ ቆጥረሽ ነግረሽኛል። እኔ ያን ሂሳብ ሳነብ ፈገግ አልሁ። ለዚያ ትምህርት ርካሽ ነው።

የላክሽልኝን አራት ገጽ በደንብ አየሁት። ገጽ 4 እና 5 ላይ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ተቀምጧል። ፎቶው ጥሩ ነው። ነገር ግን ደጋኑ ልክ ማጠፊያው ላይ ወድቋል። መጽሔቱ ሲዘጋ ደጋኑ ተሰብሯል፤ እጁ አንድ ገጽ፣ ማሲንቆው ሌላ ገጽ። ፎቶውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ብትገፊው ይድን ነበር። ይኼን አንቺም አይተሽዋል፤ «አሁን ሳየው ያቃጥለኛል» ብለሻል። ጥሩ፣ ያቃጥልሽ።

ጽሑፉ ግን ደስ አሰኝቶኛል። መጀመሪያ ከውጭ መጽሔት ላይ ባየሽው ልክ ሦስት ጠባብ ዓምድ አደረግሽው። አልሆነም። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው። «እንደሚያስታውሱትም» የምትል አንዲት ቃል ጠባብ ዓምድ ውስጥ ግማሽ መስመር ትበላለች። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ስትዪው መሀሉ እንደ ፍንጭት ጥርስ ይከፈታል። ሁለት ዓምድ አደረግሽው፤ በመስመሮቹ መሀልም ትንሽ አየር ጨመርሽ። ማን ነገረሽ? ማንም። ዓይንሽ ነው የነገረሽ። ደግሞ የኛ ፊደል ካፒታል የለውም። የፈረንጁ ርእስ በትልልቅ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ይጮሃል፤ የኛ በመጠን፣ በውፍረት ወይ በቀለም ካልሆነ አይጮህም። አንቺ ቀይ አደረግሽው። ሳታውቂው የቁም ጸሐፊዎቹን መንገድ ነው የሄድሽ። አገርሽ ቢቸና አይደል? ዲማ ጊዮርጊስ ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን ሄደሽ የድሮ ብራና እንዲያሳዩሽ ለምኚ። በወስፌ የተሰመረውን መስመር፣ ከታች ሰፋ ተደርጎ የተተወውን ኅዳግ፣ በቀይ የተጻፈውን የቅዱሳን ስም እዪ። ኢንዲዛይን ከመምጣቱ በፊት እዚሁ ጎጃም ውስጥ ገጽ የሚያቅዱ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ለምን እንደነካኝ ልንገርሽ። እኔም የተማርሁት ሌላ ነው፤ ሥራ ያገኘሁት ግን ማተሚያ ቤት ነው። ፔጅ ሜከር በሚባለው የድሮ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ዘመን። ስድስት ዓመት የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ደረሰኝ፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስሠራ ኖርሁ። አንድ ጥር ላይ 400 የሠርግ ጥሪ አሳተምሁ። ሠርጉ ጥር 12 ነበር። እኔ 21 ብዬ ጻፍሁት። ሙሽራው መጥቶ አንዱን ካርድ አነሳ፤ አነበበ፤ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር አየኝ። ያን ዓይን እስካሁን አልረሳሁትም። የወረቀቱ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ቀንና ስም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ለሌላ ሰው ጮክ ብዬ ሳላነብ አላሳልፍም። ይህን ዓምድም ባለቤቴ ሰምታው ነው የሚወጣ።

ስለዚህ «ምን ተማርሁ?» ስትዪኝ መልሴ ይኼ ነው። ገጽ ልክ እንዳለው ተምረሻል። አዝማሪው ከአንድ ሰዓት በላይ አወራሽ፤ ቀድተሽ ስትገለብጪው ወደ 2,300 ቃል ሆነ፤ የተረፈሽ ቦታ ግን የ600 ነበር። 1,700 ቃል ጥለሽ ሰውየው አሁንም ራሱን መስሎ ይናገራል። ይኼን የሚችል ሰው ሪፖርት ይጽፋል፣ ዜና ያርማል፣ የቢሮ በራሪ ወረቀት ያዘጋጃል። ሲቪሽ ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ባለ 8 ገጽ የሙዚቃ መጽሔት ከቃለ መጠይቅ እስከ ኅትመት ብቻዬን አዘጋጅቻለሁ፤ የ2,300 ቃል ቃለ መጠይቅ ወደ 600 አሳጥሬያለሁ፤ ፋይሉን ለማተሚያ አስተካክያለሁ።» የሚያነበው ሰው ጥያቄ ይጠይቅሻል። አንቺም የምትመልሺው አለሽ።

አባትሽ ያሉትን እንደ ስድብ አትውሰጂው። «ይኼ ምን ይሆናል?» ጥያቄ ነው፤ ያውም ደህና ጥያቄ። እሳቸው ጤፍ ዘርተው፣ አጭደው፣ ገበያ አውጥተው ዋጋ የሚያዩ ሰው ናቸው። አንቺ ምርቱን አሳየሻቸው እንጂ ገበያውን አላሳየሻቸውም። ገበያው ደግሞ አለ። በየዓመቱ ተመራቂ ሁሉ የምረቃ መጽሔት ያሳትማል። ያ ሁሉ ጋዋን፣ ያ ሁሉ ፎቶ፣ ያ ሁሉ «ላስት ወርድ»። ብዙውን ጊዜ ፎቶው ተጎትቶ ፊቱ እንደ ዱባ ሰፍቶ፣ የአባት ስም ተሳስቶ ይወጣል። የሚመጣው ዓመት የናንተ ተራ ነው። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረሽ ሥራውን ያዢ፤ በነፃ ግን አይደለም። የሁሉንም ስም እያስፈረምሽ አሳርሚ። የመጀመሪያውን ክፍያ ለአባትሽ ውሰጂላቸው፤ ትንሽም ብትሆን።

አጎትሽን በተመለከተ ግን ምላሴን አልቆጥብም። «ባንክ የማስገባሽ እኔ ነኝ» የሚል ዘመድ ያልነበረው ተማሪ እስካሁን ቢሮዬ አልመጣም። የገባውን ግን በጣት እቆጥራለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ፦ የአካውንቲንጉን ክፍያ ማን እንደሚከፍል አልነገሩሽም። ከጤፉ ከሆነ አጎትሽ እየጋበዙሽ ያሉት በወንድማቸው ኪስ ነው። እሳቸው ይክፈሉ፤ አንቺም ቁጥር ከወደድሽ ተማሪው፤ ነውር የለውም። ደብዳቤሽን ግን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ ደጋኑ ሦስት መስመር ጽፈሻል፤ ስለ ሂሳብ ግማሽ።

የቀሩትን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

አዲስ አበባ ልሂድ ወይ? መጀመሪያ ተመረቂ፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍል ሥራ ሳትይዢ አትሂጂ።

አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ ወይ? አትግዢ፤ በዚያችው 8 ገጽ ሠርተሻል።

ሥዕል አልችልም ስላልሽው፣ እኔም አልችልም።

ኮምፒዩተሩ ራሱ ዲዛይን መሥራት ጀመረ፣ ሥራችንን ይወስደዋል ወይ? የሠርግ ጥሪውን ሳይወስደው አይቀርም፤ አዝማሪው ቤት ሄዶ አረቄ እየቀመሰ አንድ ሰዓት የሚያዳምጠው ግን አሁንም ሰው ነው።

የሙዚቃ መጽሔት ላይ ተቀጥሬ እኖራለሁ የሚለውን ሕልም በተመለከተ ላታልልሽ አልፈልግም። እንግሊዞች ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያሳትሙት የነበረው ኤንኤምኢ የሚባለው ዝነኛ የሙዚቃ ሳምንታዊ እንኳ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሳምንታዊ ኅትመቱን አቁሟል። መጽሔቱን ውደጂው፤ እንጀራሽን ግን በሱ ላይ ብቻ አትጋግሪ።

የምመክርሽ ይኼን ነው። በሚመጣው ክረምት ሁለት ወር ማተሚያ ቤት ግቢ። ያ «10 አይሆንም» ያለሽ ልጅ ጋ ሂጂ። ደሞዝ ባይሰጡሽ የምሳና የባጃጅ ጠይቂ። ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ፣ መቁረጫው ሦስት ሚሊ ሜትር ስቶ የገጹን ቁጥር ሲበላ፣ ደንበኛ «ቀዩን ትንሽ ቀላ አድርጊው» ሲል እዪ። ባለቤቴ ይኼን ስትሰማ «አንተ ለሁሉም ተማሪ ማተሚያ ቤት ነው የምታዝ» አለችኝ። ለሁሉም አይደለም። ባለፈው ወር አንዱን ወደ ንብ ማነብ ልኬዋለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአንድ ዘፈን ግጥም ሙሉውን አትመሻል። ለክፍል ሥራ ማንም አልጠየቀሽም። አባዝተሽ የምትሸጪው ከሆነ ግን የባለቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለብሽ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ግጥምንም ዜማንም ይጠብቃል። ሁለት ስንኝ ጠቅሰሽ የማን እንደሆነ ብትጽፊ ይበቃሻል። ለተረፈው ቦታ ያን የጣልሽውን ግጥምሽን መልሺው።

አዝማሪውስ? ፎቶ ሲነሳ «ስሜን አታበላሺው እንጂ እንደፈለግሽ» ብሎሽ ነበር። ስሙን በትክክል ጽፈሽዋል፤ አይቻለሁ። ቅጂ ሰጠሽው ወይ? ደብዳቤሽ ላይ አላገኘሁትም።